«ባለቤትሽ ነው የላከኝ» ያለው ካርቶን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ባለፈው ወር ስለ ፖስታ ሳጥን ቁልፍ መጥፋት ጽፌ ነበር። ስለ ቁልፍ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀሩት ደብዳቤዎች ሌላ ጉዳይ ይዘው መጡ። አንዷ ያላዘዘችው ካርቶን ደጇ መጥቷል። ሌላው የማያውቀው ሰው መልእክት ልኮበታል። ከድሬም ከሐረርም ነው የተጻፈልኝ። እንግዲያው ይህ ወር የነሱ ይሁን።

ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 26 ዓመት ፖስታ ቤት ጥቅል መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። ካርቶን ሳነሳ ውስጡ መጽሐፍ ይሁን ጫማ በክብደቱ እገምት ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እኔው ራሴ በካርቶን ተሸውጃለሁ። ከታች ስትደርሱበት በደንብ እንድትስቁብኝ ብዬ ነው።

የጠያቂዎቹን ስም አላወጣም፤ ሰፈራቸውን ብቻ እጽፋለሁ። ሁሉም «አንቺ» እያሉ ነው የጻፉልኝ። አንቱታ ያለበት ደብዳቤ አንድም የለም። የድሬ ልጅ አንቱ ካለሽ ወይ ተጣልቶሻል ወይ ሊበደርሽ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሳቢያን ትንሽ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለን። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሳይኖር አንድ ልጅ በባጃጅ ካርቶን ይዞ መጣ። የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ጠራ። «እሱ ነው የላከኝ፣ የጸጉር ማሽን ነው፣ 6,500 ብር ትስጥህ ብሎኛል» አለኝ። እያመነታሁ ሳለ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «አቦ ደርሻለሁ፣ እሷ ጋ ነኝ፣ እሺ፣ እሺ» አለና ዘጋው። ከፈልኩት። ካርቶኑን ስከፍተው ሁለት ጡብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባሌ እስካሁን ይስቅብኛል። ፖሊስ ጋ መሄድ አፈርኩ። ስሙን ግን ከየት አወቀው? ባጃጁ ሲሄድ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ስሙን ከየት አወቀው? — ከሳቢያን

መልስ፦ የኔ እህት፣ ባልሽ ይሳቅ። እሱ ቢሆንም ይከፍል ነበር።

ስሙን ከየት አወቀ ላልሽው ቀና በይና ግድግዳሽን እዪ። የንግድ ፈቃዱ ተሰቅሏል አይደል? ባልሽ በጉርድ ፎቶው ቁጭ ብሎ፣ ሙሉ ስሙ ከሥሩ ተጽፎ። በሚታይ ቦታ ስቀሉ ተብለናል፣ እንሰቅላለን። ልጁ ጠዋት ቅባት ሊጠይቅ ገብቶ አንብቦት ሊሆን ይችላል። ሌላ ጥበብ የለውም።

ሰዓቱንም እዪው። በድሬ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከተማው በሩን ይዘጋል። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ጎረቤት ሱቅ ዝግ ነው፣ ምስክር የለም። ባልሽም ያን ሰዓት ስልክ የማንሳቱ ነገር ያጠራጥራል። ልጁ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይመስልሽ።

ስልኩ ደግሞ ቲያትር ነው። ማንም ጋ አልደወለም። «እሺ፣ እሺ» ያለው ለራሱ ነው። እውነት ደውሎ ቢሆን ኖሮ ስልኩን ወዳንቺ ባቀበለ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ስልኬ ጠራ። አንድ ጎልማሳ ድምፅ «እማማ፣ ልጅዎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ ልኮልዎታል፣ በልጅ ላደርስልዎ ነው፣ ቤትዎ የት ነው?» አለኝ። ልጄ እውነትም አዲስ አበባ ነው ያለው። ልጁ አዲስ አበባ ያልሆነበት የድሬ ሰው ስንት አለ? ያኔ ግን ይህን አላሰብኩም። «ከነምልክቱ ነገረኝ» ነው ያልኩት። እኔው ነኝ ቤቴን በምልክት የነገርኩት፣ ከለገሃር ጀምሬ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ልጅ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል። እስቲ በዚያ ሙቀት ዕቃ ተሸክሞ የመጣን ልጅ ማን ይጠረጥራል? ውሃ ሰጠሁት። ደገምኩለት። የጭነት 1,200 ብር ነው አለኝ፣ ቆጥሬ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» ብዬ መርቄው ነው የሄደው! ካርቶኑ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ታጥፎ፣ በላዩ አሸዋ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ የተዛቀ ይመስለኛል። ልጄ ጋ ስደውል «እማ፣ እኔ ምንም አልላኩም» አለኝ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። 26 ዓመት ሙሉ መታወቂያ ሳላይ፣ ሳላስፈርም አንዲት ጥቅል አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። የማውቀው ሰው እንኳ ቢመጣ «መታወቂያ» እል ነበር። ስንቱ ተቀይሞኛል። ቤቴ በር ላይ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው መጠየቅ ሥራው ነው፣ ማንም አይታዘበውም። ደጅሽ ላይ ሲሆን መጠየቅ እንደ ስድብ ይሆንብሻል። ልጁ ላቡን ይዞ የመጣው ለዚሁ ነው። እሱ የሚሸጠው ካርቶን አይደለም። ያንቺን ማፈር ነው የሚገዛው።

ደግሞ «እርስዎ» ብሎኝ ነበር እኮ! የድሬ የዕቃ ጫኝ እኔን እርስዎ አይለኝም። «ማዘር፣ ዕቃሽ መጥቷል፣ ነይ ውሰጂ» ነው የሚለኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ከልጄ ጋር እንዲህ ተስማምተናል። ዕቃ ሲልክ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይደውልልኛል። የአውቶቡሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ይነግረኛል። ጭነቱን እዚያው አዲስ አበባ ከፍሎ ነው የሚልከው። እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ እንጂ ቤቴን ለማንም በምልክት አልናገርም።

አንቺም ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ። እሱ ሳይደውልልሽ የመጣ ዕቃ አይከፈልበትም፣ በቃ። ለመጣው ሰው ክፉ ቃል አያስፈልግሽም። «እሺ ወንድሜ፣ አስቀምጠው፣ ሲመጣ ይከፍልሃል» በይው። እውነተኛው ስልክ ቁጥሩን ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ማታ ይመለሳል። ሌባው «እቸኩላለሁ» ይላል፣ ካርቶኑን አንስቶ ባጃጁ ውስጥ ይገባል። መደወል ካለበትም በራስሽ ስልክ፣ ራስሽ የመዘገብሽው ቁጥር ላይ ደውዪ። ዕቃውን ሳትከፍቺ ደግሞ ብር አትቁጠሪ።

ፖሊስ ጋ ሂጂ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነት ብሎ የሚቀጣው ይህንኑ ነው። ጡቡንም ካርቶኑንም ይዘሽ ሂጂ፣ አትጣዪው። ባጃጁ ሲሄድ ቆሜ አየሁ ብለሻል፤ ታርጋው ባይያዝልሽ ቀለሙን፣ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ንገሪያቸው። በዚያ መስመር ካሜራ ያለው ሱቅ ካለ ቶሎ ጠይቂ፣ ቀረጻው ከጊዜ በኋላ ይሰረዛልና። ጥሬ ብር ስለከፈልሽ ዱካው ቀጭን ነው። ያም ሆኖ በዚያው ሳምንት ከሳቢያን ሌላ ሴት ካመለከተች ያንቺ ቃል ለእሷም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ታይዋን ሰፈር ስልክ እሸጣለሁ። ደንበኛው 9,000 ብር በቴሌብር ላክሁ አለ፣ መልእክቱም ገባልኝ። ማታ ሳይ ብሩ የለም። እንዴት ይሆናል? — ከታይዋን

መልስ፦ መልእክት ገባልህ እንጂ ብር አልገባልህም። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው። ያንተን ክፈተውና ከላይ ምን እንደሚል እይ። በ09 ወይ በ07 የሚጀምር የሰው ቁጥር ከሆነ፣ ደንበኛህ ነው በጣቱ ጽፎ የላከልህ። ስክሪን ሾት ቢያሳይህም ያው ነው። ወደ *127# ገብተህ ወይም መተግበሪያውን ከፍተህ ሂሳብህን ሳታይ ስልኩን አትልቀቅ።

የዚህ ታናሽ ወንድም አለ። «በስህተት 2,000 ብር ልኬብሃለሁ፣ የልጅ መድኃኒት መግዣ ነው፣ መልስልኝ» ይላል። መጀመሪያ ሂሳብህን እይ። እውነት የገባ ካለም በራስህ ወደ ደወለው ቁጥር አትላክ። 994 ደውለህ አስታውቅ።

ታይዋን ውስጥ ሆነህ ይህን መጠየቅህ ግን ገርሞኛል። በስልክ ካርቶን ሳሙና አሽጎ የሚሸጥ ሰው ሲያዝ ያየሁት እዚያው ሰፈርህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጅዳ ነው ያለው። ጫማ ልልክልህ ነው ብሎኝ ነበር። ትናንት በስልኬ «ጥቅልዎ ጉምሩክ ተይዟል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 3,800 ብር ካልከፈሉ ይወረሳል» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ገባ። ወንድሜ ስልኩ አይነሳም። ልክፈል? — ከሐረር፣ ሸንኮር

መልስ፦ አትክፈል። ሊንኩንም አትንካው።

የጫማው ነገር መግጠሙ አያስደንቅህ። ይህ መልእክት ለሺህ ሰው ነው የሚላከው። ከሺሁ መካከል ዕቃ የሚጠብቅ አይጠፋም፤ ሐረር ላይ ደግሞ ከዓረብ አገር ዕቃ የማይጠብቅ ቤት ጥቂት ነው።

እውነተኛ ጥቅል እንዴት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ ይህ የኔ ሰፈር ነው። ወንድምህ በፖስታ ከላከ እጁ ላይ ደረሰኝ አለው። ደረሰኙ ላይ 13 ምልክት ያለው ቁጥር ታገኛለህ፦ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የተላከበት አገር ሁለት ፊደል። ከሳውዲ ከሆነ ኤስና ኤ ነው። ከኛ አገር የሚወጣ በኢና በቲ ያልቃል። መነሻውም ይናገራል። በአር የሚጀምር አደራ ነው፣ በሲ የሚጀምር ጥቅል ነው፣ በኢ የሚጀምር ፈጣኑ ኢኤምኤስ ነው። ያንተ መልእክት ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ? የለም። «ጥቅልዎ» ብቻ ነው የሚለው። የማን ጥቅል? ከየት የመጣ?

ጥቅሉ ራሱም ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለች፣ ሲኤን 22 እንላታለን። ላኪው ምን እንደላከና ዋጋውን የሚጽፍባት ናት። ዋጋው ከፍ ሲል ተለቅ ያለችው ሲኤን 23 ትመጣለች። ጉምሩክ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዕቃው መድረሱ ይነገርሃል፣ መታወቂያህን ይዘህ ትሄዳለህ። ቀረጥ ካለው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይነገርሃል፣ ትከፍላለህ፣ ደረሰኝ ትቀበላለህ። የመንግሥት ቀረጥ ለአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር አይላክም። 24 ሰዓት ተብሎም አይጮህብህም። እኛ ጋ እኮ ሰው ለወራት ረስቶት የቆየ ጥቅል አቧራ ለብሶ ነበር የምናገኘው!

ወንድምህ ስልኩን እስኪያነሳ ጠብቅ። ቁጥሩን ንገረኝ በለው። በሰው እጅ ነው የምልከው ካለህ ደግሞ ነገሩ አለቀ። በሰው እጅ የሚመጣ ጫማ እንዲህ ያለ መልእክት አይልክም።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ኪዮስክ አለችኝ። ሳልኖር አንድ አከፋፋይ የ12 ዓመት ልጄን «እናትሽ ታውቃለች» ብሎ ሁለት ካርቶን ጁስ ትቶ ሄደ። አምስቱን ሸጥኩ። አሁን መጥቶ የሁለቱንም ካርቶን 4,200 ብር ክፈይ ይለኛል። ጁሱ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። — ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ይህኛው ከጡቡ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ዕቃው እውነተኛ ነዋ። ሊያልፍበት የደረሰ ዕቃውን አንቺ ጉያ ወሽቆ ኪሳራውን ሊያስታቅፍሽ ነው።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1682 ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። «መልሺው አላልሽኝም፣ ስለዚህ ገዝተሻል» ሊልሽ አይችልም። ልጅሽም በ12 ዓመቷ ላንቺ ውል አትገባም።

ግን እህቴ፣ አምስቱን ሸጠሻል። ከዚያው በፊት ያለው አንቀጽ 1681 ደግሞ ሰው በአድራጎቱም ፈቃዱን ሊገልጽ እንደሚችል ይናገራል። እሱ የሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው፤ «ካልተስማማሽ ለምን ሸጥሽ?» ይላል። ስለዚህ የአምስቱን ሂሳብ አስቢና ክፈዪው። የቀረውን ዛሬውኑ አሽገሽ አስቀምጪ፣ ከአሁን ወዲያ አንድም አትሽጪ። ሲመጣ ጎረቤት ጠርተሽ በሰው ፊት አስረክቢው። ስንት እንደመለስሽ በወረቀት ጽፈሽ አስፈርሚው። አልፈርምም ካለ ጎረቤትሽ ይፈርምልሽ።

ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ከመደርደሪያ ላይ እንዳይገኝብሽ። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 አለልሽ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው አከፋፋዩን አይደለም፣ መደርደሪያው የማን ነው ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ በፌስቡክ የተዋወቅሁት ሰው አለ። የውጭ አገር ወታደር ነው። ወርቅና ዶላር ያለበት ጥቅል ልኬልሻለሁ ብሎኝ፣ አዲስ አበባ ደርሷል ያለች ሴት ደውላ 15,000 ብር ላክሁ። አሁን ሌላ 40,000 ትለኛለች። ለማንም አልተናገርኩም። — ከሐረር

መልስ፦ ለኔ ተናግረሻል፣ ጥሩ አድርገሻል።

ጥቅሉ የለም። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ዋጋው ሳይነገርና ዋስትና ሳይገባለት በተራ ጥቅል መላክ በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ክልክል ነው። 26 ዓመት ስቀመጥ ወርቅ ያለበት የፍቅር ስጦታ አንድ ቀን አላየሁም። ያየሁት ሻርፕ፣ ሽቶ፣ አንዳንዴ የተሰበረ ሰዓት ነው።

40,000ውን ብትልኪ ቀጥሎ 70,000 ይመጣል። የፀረ ሽብር ምርመራ ነው፣ የቅጣት ነው፣ የማይሉት የለም። አሁን ቁሚ። የላክሽበትን ደረሰኝ፣ የሴትዮዋን ስልክ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ ሳትሰርዢ አስቀምጪ። ባንክሽ ጋ ዛሬ ሂጂ፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ «ብርሽን ላስመልስልሽ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፈይ» ሊልሽ ይችላል። እነሱው ናቸው። ብቻሽን አትሂጂ፤ አንዲት እህት ወይ ጓደኛ ምረጪና ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሚኒያፖሊስ ናት። ባለፈው ሳምንት ማን እንደላከው የማይታወቅ ቀለበት በፖስታ መጣላት። ስሟም አድራሻዋም ተጽፎበታል። እኔ መተት ነው ብያታለሁ። ጸበል ይረጭበት ወይስ ይጣል? — ከከዚራ

መልስ፦ እህቴ፣ ጸበሉን ለራስሽ አቆይው። ይህ የመተት ሳይሆን የገበያ ሥራ ነው።

እነሱ አገር ብራሺንግ ይሉታል። በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዕቃው ብዙ የተገዛ እንዲመስል ይፈልጋል። የሰው ስምና አድራሻ ከሆነ ቦታ ያገኛል፣ በስሟ ራሱ ያዛል፣ ርካሽ ነገር ይልካል። ዕቃው «ደርሷል» ሲባል በልጅሽ ስም «እጅግ ግሩም ቀለበት ነው» ብሎ ምስክርነት ይጽፋል። እሷ ቀለበቱን ሳታደርገው አወድሳዋለች ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2020 ብዙ አሜሪካውያን ያላዘዙት የአትክልት ዘር በፖስታ እየመጣላቸው ተደናግጠው ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤታቸው አትዝሩት፣ አስረክቡን አለ። ነገሩ ይህንኑ ብራሺንግ ሳይሆን አይቀርም ብለውም ነበር።

መክፈል የለባትም፣ መመለስም የለባትም። በአሜሪካ ሕግ ያላዘዙት ዕቃ በፖስታ ከመጣ የተቀባዩ ነው። ሁለት ነገር ግን ታድርግ። አንደኛ፣ ከምትገዛባቸው ድረ ገጾች የይለፍ ቃሏን ትቀይር፤ አድራሻዋ ከዚያ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፖስታው ውስጥ «ላኪውን ለማወቅ ይህን ስካን ያድርጉ» የሚል ያ አራት ማዕዘን ጥቁርና ነጭ ምልክት ካለ በስልኳ አታንሳው። እኛ ሊንክ አትንኩ እንደምንለው ነው፣ ወደ ሌባው ገጽ ነው የሚወስዳት። ማን እንደላከው ማወቅ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ይቅርባት።

ቀለበቱን ለማን ትስጠው ብለሽ ከታች ጨምረሻል። ላንቺ እንዳትልከው ብቻ። ሲኤን 22 ላይ ዋጋውን ጻፊ ሲሏት ምን ልትጽፍ ነው?